«ተበተን ከተባለ መበተን ነው»፦ ባለቤትዎ ግማሹን ልክ ናቸው

ጥያቄው፦ «ልጄ 20 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ከኮሌጅ ጓደኞቹ ጋር ሰላማዊ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ፖሊስ ተበተኑ ብሏል ይላሉ፤ እሱ ግን አልሰማሁም ነው የሚለው። መጀመሪያ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ሲሸሹ ጎኑን በጎማ ጥይት ተመታ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ግን እስካሁን እንደ ልቡ አይተነፍስም። አባቱ ‹ፖሊስ ተበተን ካለ መበተን ነው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው› ብሎ ወሬውን ዘጋው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የከተማው ፖሊስ እንዲህ ማድረግ ይችላል? ብንከስስ ያዋጣል? ልጁ ያለው ግሪን ካርድ ነው፤ እሱ ላይስ ችግር አያመጣም?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት።

ከሕጉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እንደ ልቡ አይተነፍስም ካሉ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ራጅ ተነስቶ «ምንም የለም» ተብሎ ቢሆን እንኳ ይመለስ። ጎን ላይ የሚያርፍ ምት የጎድን አጥንት ብቻ አይደለም የሚነካው። ከኋላ ኩላሊት አለ፣ በግራ በኩል ጣፊያ አለ። ሽንቱ ላይ ደም አይቶ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ለእናቱ በራሱ ጊዜ አይናገርም። ሐኪሙ ፊትም «ወደቅሁ» እንዳይል። በምን እንደተመታ፣ ወዴት ዞሮ እንደነበረ፣ ከየት በኩል እንደመጣበት እንዳለ ይናገር። ያ የሕክምና ካርድ ነገ ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። የማውቃቸው ያህል ነው የተሰማኝ። እኔ ጋ በሚመጣ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። ባደግንበት አገር ፖሊስ ተበተኑ ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። መሮጥ ነው። ማን ልክ ነበር የሚለው የሚነሳው ከተረፉ በኋላ ነው፣ ያውም ከተነሳ። ስለዚህ እሳቸው የተናገሩት ሕግ ሳይሆን የመትረፊያ ዘዴ ነው። እንደ ዘዴ አልነቅፈውም።

ግማሹን ልክ ናቸው ያልኩትም ለዚህ ነው። በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ ቁጥር 409 መሠረት፣ አንድ ስብሰባ ሕገወጥ ተብሎ ተበተኑ ከተባለ በኋላ እዚያው የቀረ ሰው ቀላል ወንጀል ፈጽሟል። ሊያዝ ይችላል። ሊከሰስም ይችላል። ይተኮስበት ማለት ግን አይደለም። ቀይ መብራት የጣሰ ሰው ይቀጣል እንጂ በድንጋይ አይፈነከትም።

ይሄ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ ተጽፏል። በ2020 በጆርጅ ፍሎይድ ግድያ የተነሳ አገሩ ሁሉ ሰልፍ በወጣበት ጊዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ሰው በአስለቃሽ ጭስና በእንዲህ ዓይነት ጥይት ተጎዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሎስ አንጀለስ ያለን ሰዎች የሜይ 30ውን አንረሳውም። ትርምሱ የነበረው በዚያው በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከትንሿ ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደተሄደ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ2021፣ የክልሉ ምክር ቤት ኤቢ 48 የሚባለውን ሕግ አወጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል። በወንጀል ሕጉ ውስጥ ቁጥር 13652 ነው። ቁጥሩን ይያዙት፤ ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ይጠቅምዎታል።

ሕጉ የሚነሳው ከክልከላ ነው። ማንኛውም ፖሊስ ሰልፍ ለመበተን ሲል እነዚህን ጥይቶችም ሆነ አስለቃሽ ኬሚካል አይጠቀምም ይላል። ከዚያ ነው «ካልሆነ በቀር» የሚመጣው። የሰው ሕይወት ወይም አካል ላይ ከባድ አደጋ ሲጋረጥ፣ ወይም በእውነት አደገኛና ሕገወጥ የሆነን ሁኔታ ለመቆጣጠር ሲባል፣ ሥልጠናውን የወሰደ ፖሊስ ሊጠቀም ይችላል። ያም ቢሆን በቅድመ ሁኔታ ነው። ለባለቤትዎ እንዲያነቡላቸው የምፈልገው ግን ሌላ መስመር ነው። ሕጉ ሦስት ምክንያቶችን ጠቅሶ፣ አንዳቸውም ብቻቸውን ለመተኮስ አይበቁም ይላል። ሰዓት እላፊ መጣስ። ፖሊስን በአፍ መዛት። ሦስተኛው የፖሊስን ትእዛዝ አለመፈጸም ነው።

አዩልኝ? «ተበተን ተብሎ አልተበተነም» የሚለው ብቻውን አይበቃም። በጽሑፍ።

አሁን ወደዚያች ነገር ልመለስ፣ ጎኑን ወደመታችው። «የጎማ ጥይት» እንላለን እንጂ ዛሬ እዚህ አገር የሚተኮሰው አብዛኛው ጎማ አይደለም። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አለ፤ ደንበኛዬ ከአስፋልት ላይ አንስቶ ያመጣልኝ። የታችኛው ግማሽ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። አናቱ ሰማያዊ ስፖንጅ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ነው፣ የሎሚ ያህል። ክብደቱ 30 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንስቶ «ይቺ ናት እንዴ?» ይላል። መጫወቻ ነው የምትመስለው። ግን አፈሙዙን ስትለቅ በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ትበራለች። የቤዝቦል ወርዋሪ ባለ በሌለ ኃይሉ ከሚለቃት ኳስ ጉልበቷ አያንስም። ያችን ኳስ የሚጠብቀው ተጫዋች ደግሞ የራስ ቁር አለው፣ እንደምትመጣም ያውቃል።

ሌሎችም አሉ። በተራ የአደን ጠመንጃ የሚተኮስ፣ ውስጡ የእርሳስ ፍንጣሪ የታጨቀበት ትንሽ ከረጢት አለ፤ ቢንባግ ይሉታል። አንድ ጊዜ ተተኩሶ ብዙ እንክብል የሚረጭ ባለ 37 ሚሊሜትር አለ። በርበሬ የተሞላች ኳስ አለች። ሕጉ እነዚህን ሁሉ ያቅፋል። ስለዚህ «ጎማ አልነበረም፣ ስፖንጅ ነው» ብሎ የሚከራከርዎት ካለ አይስሙት።

ሰው በአማርኛ «ገዳይ ያልሆነ መሣሪያ» ሲል እሰማለሁ። ልክ አይደለም። ድሮ ሻጮቹም እንዲህ ይሉት ነበር፤ ሰው ሲሞት ጊዜ «ገዳይነቱ ያነሰ» ወደሚል ዞሩ። እንግሊዞች የጎማ ጥይትን ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በ1970 መተኮስ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ፕላስቲክ ተሻገሩ። በሁለቱ 17 ሰዎች ሞቱ። 8ቱ ልጆች ነበሩ። በ2004 ደግሞ ቦስተን ውስጥ ሰው የቤዝቦል ድል ሊያከብር ወጥቶ፣ አንዲት የ21 ዓመት ተማሪ ዓይኗን በበርበሬ ጥይት ተመትታ ሞተች። ሰልፍ እንኳ አልነበረም። በ2017 የወጣ አንድ የሕክምና ጥናት፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ 1,984 ተጎጂዎችን ቆጠረ። 53ቱ ሞተዋል፤ 300ው ቋሚ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ይህን ቁጥር ሲያዩ እንዳይደነግጡ። የተቆጠረው ተጎድቶ ሐኪም እጅ የገባው ነው እንጂ የተተኮሰበት ሁሉ አይደለም። ከመቶ ሰው ሦስቱ ይሞታል ማለት አይሆንም። ስፖንጅ ናት ተብሎ የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

እንግዲህ ቅዳሜን ከሕጉ ጋር እናስተያየው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው። ፖሊስ ሊተኩስ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚጠቀምም ጭምር፣ ደጋግሞና በሚሰማ ድምፅ መናገር አለበት። የሰዉ ብዛት ካስፈለገ ከተለያየ ቦታ ሆኖ። ተገቢ ከሆነም በተለያዩ ቋንቋዎች። (ይሄኛውን ስናነብ የእኛ ሰው ፈገግ ይላል። በየሰልፉ በአማርኛ ይነገር ማለት አይደለም። ሰልፉ የእኛው ከሆነና እናቶች በነጠላ ፊት ለፊት ከቆሙ ግን ጥያቄው ይነሳል።) ልጅዎ «አልሰማሁም» ማለቱ ብቻውን አያሸንፍም። ስንት ሰው አልሰማም? የት ነበሩ? ከጩኸቱና ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር? የጓደኞቹ ስልክ የቀዳው ድምፅ እዚህ ላይ ከምስሉ ይበልጣል። ቪዲዮውን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ከጀርባ የድምፅ ማጉያ አለ? ቃሉ ይለያል? ወይስ ጉርምርምታ ብቻ ነው?

ቀጥሎ መውጫው። ተበተኑ ብሎ መንገድ መዝጋት አይቻልም። ሰው የሚወጣበት በቂ ጊዜና እድል ማግኘት አለበት። ይሄን የሕጉን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ቢሾፍቱ ትመጣብኛለች። መስከረም 22 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢሬቻ ዕለት። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ሲደናገጥና ሲሸሽ እርስ በርሱ ተረጋገጠ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ብዙ ሰው አለቀ። ጭስ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚያጠቃው። የሚታይ መውጫ በሌለበት ቦታ ሕዝቡን ራሱን መሣሪያ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጅዎን ይጠይቁት፦ በየት በኩል መውጣት ይቻል ነበር? ከማስጠንቀቂያው እስከ መጀመሪያው ጭስ ስንት ደቂቃ ሆነ? የጎን መንገዶቹ ላይ ፖሊስ ቆሞ ነበር? በወረቀት ላይ ይሣልልዎት። አሁን፣ ሳይረሳው።

ጭሱ ራሱ ላይ ብዙ አልቆይም። እንዲያውም ጭስ ብንለውም ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ለዚህ ነው ልብስ ላይ የሚቀረው። ሕጉ አስለቃሽ ጭስ እንዲተኮስ ማዘዝ የሚችለው ቦታው ላይ ያለ አዛዥ ብቻ ነው ይላል። ማን አዘዘ የሚለውን ጠበቃዎ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ዋናው ነው፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ፖሊስ ሁከት የሚፈጥረውን ከማይፈጥረው ለመለየት ጥረት ማድረግ አለበት። የሚያነጣጥረውም ሁከት በሚፈጥረው ላይ ነው። በጅምላ ወደ ሕዝብ መተኮስ ክልክል ነው። ሕዝብ ድንጋይ አይወረውርም፤ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ነው። ከልጅዎ አሥር ሜትር ርቆ አንዱ ጠርሙስ ቢወረውር፣ ጠርሙሱ የልጅዎ አይሆንም። ጋዜጠኛው፣ የሕክምና ረዳቱ፣ ከሱቅ ወጥቶ የቆመው መንገደኛ፣ እነሱም እንዳይጎዱ ጥንቃቄ ይደረግላቸዋል።

የት ሰውነት ላይ መተኮስ እንደማይቻልም ተጽፏል። ራስ፣ አንገት፣ ሌላም ወሳኝ የአካል ክፍል ላይ ማነጣጠር ክልክል ነው። ጎን በዚህ ይገባል ወይ? እንደ ቦታው ነው። ኩላሊት አካባቢ ከሆነ እኔ አዎ ብዬ እከራከራለሁ። ተኳሹ «ጭኑን ነበር ያነጣጠርኩት፣ ልጁ ተንቀሳቀሰ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ለዚህ ነው የቁስሉ ቦታ በትክክል መቀረጽ ያለበት።

አሁን ከጥያቄዎ ውስጥ አንዲት ቃል ላውጣ። «ሲሸሹ» ብለዋል። እህቴ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው። ልጁ የተመታው ሲሸሽ ከሆነ፣ ባለቤትዎ «ለምን አልተበተነም» የሚሉት ልጅ እየተበተነ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ለማን ነው የሚያሰጋው? ምቱ ከኋላ ወይም ከጎን ኋላ ከሆነ፣ የእሱን ቃል ቁስሉ ራሱ ይመሰክርለታል። ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ይሄ መከራከሪያ ይላላል። ያኔ ምን ሲያደርግ ነበር የሚለው ይመጣል። እኔ አላየሁትም። እርስዎም አላዩትም። ለጠበቃው እውነቱን ይንገር፣ ጠርሙስ ወርውሮ ከሆነም። ከጠበቃ ጋር የተነጋገረው ሚስጥር ነው።

ስለ ሕጉ ጥሩ ጥሩውን አወራሁ። ቀዳዳውን አለመንገር ማታለል ይሆናል። «አደገኛና ሕገወጥ ሁኔታን ለመቆጣጠር» የምትለዋ ሐረግ ሰፊ ናት። ያየኋቸው የፖሊስ ሪፖርቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ይችኑ ሐረግ ይጠቅሳሉ። ቃል በቃል፣ አንዳንዴ የኮማው ቦታ ሳይለወጥ። ሐረጓን መጥቀስ ግን ማስረዳት አይደለም። ምን ነበር አደገኛው? ማን አደረገው? ለምን ሌላ መንገድ አልተሞከረም? ሕጉ ቢቻል ሁኔታውን የማብረድ ሙከራ ቀድሞ መደረግና አለመሳካት አለበት ይላል። ደግሞም ፖሊስ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ የድርጊቱን ማጠቃለያ ድረ ገጹ ላይ ማውጣት አለበት፤ በቂ ምክንያት ካለው 30 ቀን ይጨመርለታል። ምን ዓይነት መሣሪያ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ የታወቀውን ያህል፣ ለምን እንደተተኮሰ። ከቅዳሜ ጀምረው ይቁጠሩና ገጹን ይክፈቱ። ልጅዎ ሐኪም ቤት ሄዶ እያለ «የተጎዳ የለም» ተብሎ ካገኙት፣ ገጹን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ሌላው ቀዳዳ ትልቅ ነው። ይሄ የክልል ሕግ የፌዴራል ወኪሎችን አይገዛም። የተኮሰው የከተማው ፖሊስ ነው ብለዋል፤ እርግጠኛ ይሁኑ። ከጁን 2025 ጀምሮ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስደተኞች አፈሳ ምክንያት በተነሱት ሰልፎች የከተማ ፖሊስ፣ የካውንቲ ሸሪፍና የፌዴራል ወኪል አንድ መንገድ ላይ ነበሩ። ሁሉም የራስ ቁር፣ ሁሉም ጭምብል። ዳኛ ኸርናን ቬራ በጁላይ ለጋዜጠኞች ጥበቃ የከተማውን ፖሊስ የሚገድብ ትእዛዝ ሰጡ። በሴፕቴምበር ደግሞ የፌዴራሉን የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት ወኪሎች የሚገድብ ሌላ ትእዛዝ ጨመሩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ በይግባኝ ሊለወጥ ስለሚችል ዛሬ የቱ እንደሚሠራ ጠበቃው ያጣራል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የደንብ ልብሱ ነው። ምን ቀለም? ደረቱ ላይ ምን ተጽፎበት ነበር? የፌዴራል ከሆነ የክሱ መንገድ ሌላ ነው፤ ይርጋውም (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡም) ሌላ።

ፍርድ ቤቶች ምን ይላሉ? ከክልሉ ሕግ በላይ የፌዴራል ሕገ መንግሥት አለ። አራተኛው ማሻሻያ ከመጠን ያለፈ ኃይልን ይከለክላል፤ መለኪያው ግርሃም በኮነር ላይ ከተባለው የ1989 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ «ምክንያታዊ ነበር ወይ» የሚል ነው። ለእኛ አካባቢ የሚጠቅመው ግን በ2012 ካሊፎርኒያን የሚያየው የፌዴራል ዘጠነኛ ይግባኝ ፍርድ ቤት የሰጠው ነው። ዴቪስ ከተማ ውስጥ ተማሪዎች ድግስ ላይ ነበሩ። ፖሊስ ሊበትናቸው መጣ። አንዱ ተማሪ መውጫ አጥቶ ቆሞ መመሪያ ይጠብቃል። በበርበሬ ኳስ ዓይኑን ተመታ። ዓይኑ ተጎዳ፣ የስፖርት ስኮላርሺፑም ቀረ። ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ባለመፈጸሙ ብቻ እንዲህ ያለ ኃይል አይገባም አለ፤ ፖሊሶቹ ይህን ማወቅ ነበረባቸው ብሎም ያለመከሰስ ከለላቸውን ነፈጋቸው። ከለላው ላይ ነው ብዙ ክስ የሚሞተው። ተጎጂው ልክ ሆኖ ሳለ «በወቅቱ ሕጉ ግልጽ አልነበረም» ተብሎ ይዘጋል። ይህ ውሳኔ በካሊፎርኒያ ለእንደ ልጅዎ ዓይነቱ ጉዳይ ያንን በር በከፊል ዘግቶታል። በ2024ም እዚያው ፍርድ ቤት የሳን ሆዜ ሰው ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ አቋም ያዘ። ሰውየው በ2020 ሰልፍ ላይ እጁን አንስቶ በፖሊስና በሰልፈኛው መካከል ሊያስታርቅ ሲሞክር ብልቱን ተመታ። ይገርማል፤ ያንኑ ፖሊስ ስለ ዘር አድልዎ ሲያሠለጥን የነበረ ሰው ነው።

«ያዋጣል?» ላሉት እንግዲህ። በ2022 ዴንቨር ውስጥ ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) ለ12 ሰልፈኞች 14 ሚሊዮን ዶላር ፈርደዋል። ቲክቶክ ላይ የሚዞረው ይሄ ነው። ከ12ቱ አንዱ ግን የራስ ቅሉ የተሰበረ ነበር። የልጅዎ ጉዳት የሚድን ከሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገንዘቡም በዚያው ልክ ያንሳል። ቤት አይገዛም። አንዳንድ ሰው የሚከሰው ለገንዘብ ሳይሆን የተኮሰው ማን እንደሆነና ማን እንዳዘዘ ለማወቅ ነው። ያም በቂ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙ ጠበቆች አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ አያስከፍሉም፤ ልጅዎ ከረታ ከካሳው ወይም ከተረታው ወገን ነው የሚቀበሉት። ቅድሚያ ክፈሉ የሚልዎት ካለ ሌላም ያነጋግሩ።

ቀኑ ግን አይጠብቅም። በካሊፎርኒያ ሕግ ከተማን ለመክሰስ መጀመሪያ ለከተማው የጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ጊዜው 6 ወር ነው። ከዚያ ካለፈ የክልሉ ሕግ መንገድ ይዘጋል ማለት ይቻላል። ከተማው መልስ ለመስጠት 45 ቀን አለው። እምቢ ብሎ ደብዳቤ ከላከ ደግሞ ክስ ለመመሥረት ያለዎት 6 ወር ነው። በፌዴራል ሕግ፣ በቁጥር 1983 የሚቀርበው ክስ ግን ይህን ወረቀት አይጠይቅም፤ ይርጋው እዚህ 2 ዓመት ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። «ሁለት ዓመት አለን» ብለው ተኝተው በሰባተኛው ወር የሚመጡብኝ አሉ። እባክዎ ከእነሱ አይሁኑ። ፖሊሶች ደረት ላይ ያለው ካሜራ ቅጂም ለዘላለም አይቀመጥም። ጠበቃ እስኪያገኙ እርስዎ ራስዎ «የዚህ ቀን ቪዲዮ እንዳይጠፋ» የሚል አጭር ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ይላኩ። በጥሩ እንግሊዝኛ መሆን የለበትም። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የልጁ ስም። በቃ።

የመኖሪያ ፈቃዱን በተመለከተ፣ ካሳ መጠየቅም ሆነ ከተማን መክሰስ ከአገር የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም። ሰላማዊ ሰልፍ መውጣትም ግሪን ካርድ ላለው ሰው መብት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ተይዟል አላሉኝም። ነገ መጥሪያ ቢመጣለት ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 100 ዶላር ከፍሎ ይገላገል» እንዳትሉት። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። ከ2010 ጀምሮ የወንጀል ጠበቃ ራሱ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ የመንገር ግዴታ አለበት። ጥፋቱን ካመነ የካሳ ክሱም ሊበላሽ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻው ላይም ተይዘህ ታውቃለህ ተብሎ ይጠየቃል፤ እዚያ ላይ መዋሸት ከመያዙ የባሰ ነው። እስከዚያው ልጁ ስለ ቅዳሜ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድም ነገር አይጻፍ። ቀልድም ቢሆን። ፖሊስ ደውሎ «የአንተን በኩል እንስማ» ቢለውም፣ በትሕትና ከጠበቃዬ ጋር ይበል።

የቁስሉን ፎቶ ዛሬ ያንሱት፣ በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርገው። ነገም ያንሱት፣ ከነገ ወዲያም። ሰንበር ቀለሙን ይለውጣል፤ እንዲህ ያለ ጥይት አንዳንዴ ክብ ምልክት ይተዋል፣ መሀሉ የነጣ ቀለበት። እሱ ሲገኝ ከየት እንደተተኮሰ መከራከር ይቀንሳል። ቅዳሜ የለበሰውን ልብስ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ያስገቡት፣ ፌስታል አይሁን፤ እርጥበት ካለው ይሻግታል። እናት ነዎትና እስካሁን አጥበውት ይሆናል። ምንም አይደለም። ሸሚዙን ብቻ አይጣሉት፤ ጎኑ ላይ ጨርቁ ሳስቶ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት።